ሣጥኑ የዲያቆኑ፣ በሩ የሽማግሌው

ባለፈው እትም በ17ኛው መቶ ዘመን ከእንግሊዝ ተነሥተው በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ትንንሽ ከተሞች ቤተ ክርስቲያን ስለመሠረቱት ፒዩሪታን የተባሉ ፕሮቴስታንቶች ባጭሩ አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከሐዋሳ የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹም በየአጥቢያቸው ሽማግሌ፣ ዲያቆን ወይም ገንዘብ ያዥ ሆነው የተመረጡ ምእመናን ናቸው። ታሪኩን ጠይቀው በዚያው የራሳቸውን አጥቢያ ጉዳይ ስላነሡ ሁለቱን አብረን መልሰናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በቅርቡ በአጥቢያችን ዲያቆን ሆኜ ተመረጥሁ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ «ዳዊት ሳትደግም፣ ግብረ ዲቁና ሳትማር በምን አፍህ ዲያቆን ነኝ ትላለህ?» እያለች ትስቅብኛለች። የፒዩሪታኖቹ ዲያቆን እንደ እኔ ያለ ተራ ምእመን ነበር? ሥራውስ ምን ነበር? እግረ መንገዳችሁን የመባ ቆጠራውንም ብታስረዱኝ። (አዲሱ ዲያቆን፣ ከመሐል ከተማ)

መልስ፦ እናትዎም እውነት አላቸው፣ እርስዎም አልዋሹም። ቃሉ አንድ ነው፣ ሹመቱ ግን ሁለት። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ዲቁና የክህነት የመጀመሪያ መዓርግ ነው፤ በጳጳስ አንብሮተ እድ ይሰጣል፣ ቅዳሴም ያለ ዲያቆን አይቀደስም። ፒዩሪታኖቹ ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ይዘው «ዲያቆን ማለት ማዕድ አገልጋይ ነው» አሉ። ስለዚህ ዲያቆናቸው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሙያው የሚያድር፣ በአባላቱ ድምፅ የተመረጠ፣ ለዲቁናው ደመወዝ የማይቆረጥለት ሰው ነበር። የፕሊመዙ ዲያቆን ሳሙኤል ፉለር የመንደሩ ሐኪም ነበር። በ1630 ለቦስተን ቤተ ክርስቲያን ከተመረጡት ሁለት የመጀመሪያ ዲያቆናት አንዱ፣ ዊልያም ጌጀርም፣ ቁስል አካሚ ነበር። የታመመውንና ያጣውን ቤት ለቤት የሚያውቅ ሰው መመረጡ አያስገርምም።

የሥራው ወሰን በ1648 ማሳቹሴትስ ውስጥ ካምብሪጅ በተባለች ከተማ በጸደቀው ባለ 17 ምዕራፍ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ድንጋጌ ላይ ሰፍሯል። በዚህ መሠረት ዲያቆን መባውንና ስጦታውን ይቀበላል፣ ግምጃ ቤቱን ይጠብቃል፣ ከዚያም ሦስት ማዕድ ያገለግላል። አንደኛው የጌታ እራት ነው፤ ኅብስቱና ወይኑ፣ ጽዋውና ጨርቁ በእርሱ ኃላፊነት ሥር ናቸው። ሁለተኛው የአገልጋዮች ማዕድ፣ ማለትም የመጋቢውና የመምህሩ ኑሮ ነው። ሦስተኛው የችግረኞች ነው። ከዚህ ያለፈ ሥልጣን የለውም፤ ድንጋጌው የዲያቆንን ሥራ በምድራዊው ሀብት ላይ ብቻ ወስኖታል። ስብከት፣ ተግሣጽ፣ አባል መቀበልና ማሰናበት የሌላ ሰው ሥራ ነው።

የመባ ሥርዓታቸው ለዓይን ግልጽ ነበር። ዲያቆናቱ የሚቀመጡት ከመስበኪያው ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ነው። ቦስተን ውስጥ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስብከቱ ሲያበቃ አንዱ ዲያቆን ይነሣና የመስጫው ሰዓት መድረሱን፣ ሰው ሁሉ እግዚአብሔር እንደባረከው በፈቃዱ እንዲሰጥ ይናገራል። መጀመሪያ ሹማምንቱ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹና ሌላው ሕዝብ ተራ በተራ ወደ ዲያቆናቱ ይመጣሉ። ገንዘብ ከሆነ ከእንጨት ሣጥኑ ይገባል፤ ዕቃ ከሆነ ከዲያቆናቱ ፊት ይቀመጣል፤ ሰጪው በሌላ መንገድ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚሰጥ ሰው ሁሉ ይታያል፣ ሣጥኑም ከሕዝብ ዓይን አይለይም።

ይህ አሠራር የዘለቀው በሁሉም ቦታ አይደለም። በፈቃድ የሚሰጠው ከሳምንት ሳምንት ይዋዥቅ ስለነበር በ1638 የማሳቹሴትስ ሸንጎ «በፈቃዱ የማይሰጥ ይተመንበታል» ብሎ ሕግ አወጣ። እያደር የአገልጋዩ ማዕድ ከዲያቆኑ እጅ ወጥቶ የከተማው ግብር ሆነ። ቤተ ክርስቲያንን በግብር የመደገፉ ሥርዓት ማሳቹሴትስ ውስጥ ጨርሶ የቀረው በ1833 ነው። የዲያቆኑ ድርሻ ወደ ሁለት ማዕድ ወረደ ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሣጥን እንምጣ። ቆጣሪዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ ሁለቱ ይቁጠሩ፣ አንዱ ይጻፍ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት በአንድ እሑድ አይመደቡ፤ ተራውም በየወሩ ይዙር። ሣጥኑ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ይኑሩት፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይደሩ። ቆጠራው እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ፣ ከአምልኮው በኋላ ወዲያው ይካሄድ። «ማታ ቤት ወስጄ እቆጥረዋለሁ» የሚባል ነገር፣ ሰውየው ምንም ታማኝ ቢሆን፣ መልሱ አይሆንም ነው። እንዲያውም ጥንቃቄው ይበልጥ የሚጠቅመው ታማኙን ነው፤ የጎደለ ዕለት የሚታማው እርሱ ነውና።

ቅጹ ላይ የ200፣ የ100፣ የ50፣ የ10 እና የ5 ብር ኖት እያንዳንዱ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ሳንቲም በመጨረሻ። መጀመሪያ የሚጻፈው የኖቱ ብዛት ነው፤ ማባዛቱ ኋላ ይመጣል። አንዱ የቆጠረውን ሌላው ይድገመው፤ ካልተገናኘ ያንኑ ኖት ብቻ እንደገና ቁጠሩ እንጂ ሁሉንም አትበትኑ። በፖስታ የሚመጣ አሥራት ከሆነ ፖስታው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ይመሳከር፤ ልዩነት ካለ በቅጹ ይጻፍ፣ ፖስታውም ይቀመጥ። ቅጹ በካርቦን ሁለት ኮፒ ሆኖ ሦስቱም ይፈርሙበት። አንዱ ለገንዘብ ያዡ፣ ሌላው ለኦዲተሩ ነው። ሁለቱም ኮፒ በአንድ ሰው መሳቢያ ካደሩ ግን ባይጻፉም ያው ነበር።

በብዛት የሚበላሸው ከባንክ በፊት ነው። እንግዳ ሰባኪ ይመጣና ምሳው ከሣጥኑ ይከፈላል፤ የጄኔሬተር ነዳጅ ይታከላል፤ ሰኞ ባንክ የሚገባው ከቅጹ ያንሳል። በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተሩ 52 እሑድ 52 ልዩነት ያገኛል፤ ማንም ሳይሰርቅ ሁሉም ሌባ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የተቆጠረው በሙሉ፣ ሳይነካ፣ በማግስቱ ባንክ ይግባ፤ ለጥቃቅን ወጪ ደግሞ የተወሰነ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 5,000 ብር፣ በፔቲ ካሽ ለብቻው ይያዝና በደረሰኝ እየተተካ ይሂድ። በቴሌብር የሚላክ መባ በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ አይግባ፤ በቤተ ክርስቲያኗ ስም በተከፈተው ሒሳብ ይግባና ዝርዝሩ በየወሩ ታትሞ ከመዝገቡ ጋር ይታይ።

ቡና፣ በቆሎ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል በመባ የሚመጣበት አጥቢያ ከሆነ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ጨረታ ማውጣቱ ጥሩ ልማድ ነው። የጨረታው ችግር ዱቤ ነው። አንዱ በሞቅታ ዶሮዋን በሦስት እጥፍ ዋጋ ያነሣል፣ ጭብጨባውም ይቀልጣል፤ ገንዘቡ ግን ሳይመጣ ዓመት ይሞላል። «እጅ በእጅ ያልከፈለ ዕቃውን አይወስድም» የሚለውን ጨረታው ሳይጀመር አስታውቁ።

ከሦስቱ ማዕድ ደግሞ ሦስተኛውን ከሌላው ለዩት። የባንክ ሒሳቡ አንድ ቢሆን እንኳ የችግረኞች መዝገብ ለብቻው ይሁን፤ «ለጊዜው ለቆርቆሮ እንበደር» የተባለ የድሆች ብር ተመልሶ ሲገባ አይታይም። ለተረጂ የሚሰጠውን ሁለት ዲያቆናት ቤቱ ድረስ ሄደው አይተው ይወስኑ፣ ተቀባዩም ይፈርም ወይም አውራ ጣቱን ያኑር። ለጉባኤ የሚነበበው ድምሩና የቤተሰቡ ብዛት ነው፤ ስም አይነበብም።

ጥያቄ፦ አምስት ሽማግሌዎች ነን። የሲሚንቶ ግዥም፣ የባልና ሚስት ጠብም፣ የመዘምራን ልብስም ወደ እኛ ይመጣል። የፒዩሪታን ሽማግሌ ሥራው ይሄ ሁሉ ነበር? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አልነበረም። ሲሚንቶው የዲያቆኑ ነው።

ፒዩሪታኖቹ አራት ዓይነት አገልጋይ ነበራቸው፤ መጋቢ፣ መምህር፣ አስተዳዳሪ ሽማግሌ እና ዲያቆን። መጋቢውና መምህሩ ቃሉን የሚሰብኩ ናቸው። አስተዳዳሪ ሽማግሌው 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥17 ላይ ከተጠቀሱት ሽማግሌዎች በመስበክና በማስተማር ሳይሆን በማስተዳደር የሚደክመው ወገን ነው ብለው ያምኑ ነበር። ድንጋጌው ሥራውን በዝርዝር ቆጥሮታል፤ አባል ሲገባና ሲወጣ የቤቱን በር መክፈትና መዝጋት፣ ጉባኤ መጥራት፣ ለጉባኤ የሚቀርበውን ነገር አስቀድሞ ማጥራት፣ በስብሰባ ላይ ሥርዓት ማስጠበቅ፣ ሥራ ፈትቶ የሚኖረውን መምከር፣ ቅያሜ ሳይሰፋ ማስታረቅ፣ የታመመውን ጠይቆ መጸለይ።

የበሩን ሥራ እንዲህ ይሠሩት ነበር። አባል መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ያነጋግራል፤ እምነቱንም አኗኗሩንም ይመረምራሉ። ቀጥሎ ስሙ በጉባኤ ይነገራል፣ ነቀፋ ያለው እንዲያቀርብ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ ሰውየው በጉባኤ ፊት ስለ እምነቱ ይናገራል፣ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ፣ በመጨረሻም የኪዳኑን ቃል ይቀበላል። ከሌላ ከተማ ለመጣ አባል ከቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ደብዳቤ ይጠየቅ ነበር፤ የእኛው መሸኛ ማለት ነው። መሸኛ ሳያዩ መቀበል የሚያመጣውን ጣጣ፣ በተለይ ከአንዱ አጥቢያ በቅጣት ላይ ያለ ሰው በሳምንቱ በሌላው መድረክ ላይ ሲዘምር፣ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አደጋው ያለው «አስቀድሞ ማጥራት» በሚለው ላይ ነው። ሐሳቡ ጉባኤው በዝርዝር እንዳይዋጥ ነበር። ማጥራቱ ቀስ በቀስ መወሰን ሲሆን ግን ጉባኤው አጨብጫቢ ብቻ ይሆናል። ይህ እንዳይመጣ አጀንዳው ቢያንስ ከአንድ እሑድ በፊት ይነበብ፤ ሽማግሌዎቹ የሚያቀርቡት የውሳኔ ሐሳብ እንጂ ውሳኔ አለመሆኑ በወረቀቱ ይጻፍ፤ ቃለ ጉባኤው ስንት ሰው ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፅ ተአቀበ የሚለውን ይያዝ። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ቃለ ጉባኤ በየስብሰባው ከበዛ አንድ የተደበቀ ነገር አለ።

የሽማግሌነት ሹመት በእነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ አልቆየም፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አብዛኞቹ አስተዳዳሪ ሽማግሌ አልነበራቸውም። ሥራው ከባድ ሆኖ ደመወዝ የለውም፤ ብቁና ፈቃደኛ ሰው ማግኘት ቸገረ፤ ወሰኑም ከመጋቢው ጋር እየተጋጨ መጋቢው ጠቅልሎ ያዘው። የጥቅሱ ትርጓሜ ራሱ ያከራክር ነበር። በሌላ በኩል ዲያቆኑ ሳይናወጥ ቀጠለ። በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዲያቆኑ ሥራ በጣት የሚቆጠር ነበር፣ የሽማግሌው ግን እንደ እናንተው ሁሉንም ነካ ነካ ያደርግ ነበር።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ መደናገር ይታከልበታል። «ሽማግሌ» ሲባል ሰው የሚያስበው አስታራቂውን፣ ለጋብቻ የሚላከውን ነው። ሸምጋይነት ትልቅ ጸጋ ቢሆንም የአባላት መዝገብ መያዝና ስብሰባ መምራት ሌላ ችሎታ ነው። ከአምስታችሁ መዝገቡን ማን እንደሚይዝ፣ የታመመ ማን እንደሚጠይቅ፣ አዲስ አባል ማን እንደሚያነጋግር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ግዥውን ለዲያቆናቱ መልሱ።

ጥያቄ፦ በወረዳችን የመንግሥት ኃላፊ ነኝ። አጥቢያዬ ሽማግሌ ሁን ብሎ መርጦኛል። ፒዩሪታኖች ሃይማኖትንና መንግሥትን አንድ ያደረጉ ናቸው ሲባል ስለሰማሁ፣ በእነርሱ ዘንድ ይህ ይፈቀድ ነበር?

መልስ፦ የሰሙት ግማሹ ልክ ነው። በማሳቹሴትስ ከ1631 ጀምሮ በቅኝ ግዛቱ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው የቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ወንድ ብቻ ነበር። ሆኖም ሹመቱን በአንድ ሰው ላይ መደራረብን አልፈቀዱም። ኢንክሪስ ኖወል በ1630 የቦስተን ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሽማግሌ ሆኖ ሲመረጥ የቅኝ ግዛቱም ሹም ነበር። በ1632 የቦስተን ጉባኤ «አንድ ሰው ባንድ ጊዜ የመንግሥት ሹምና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብሎ ለፕሊመዝ፣ ለሴለምና ለሌሎችም ጻፈ። ሁሉም አይችልም ብለው መለሱ። ከሁለቱ የትኛውን ይተው በሚለው ላይ ግን እርግጠኛ መልስ አልሰጡም። ኖወል ሽማግሌነቱን ተወ።

የእርስዎን ነገር የሚወስነው የቤተ እምነትዎ ደንብ ነው። ደንቡ ከፈቀደም እንኳ ቤተ ክርስቲያኗ ከወረዳው ጋር ጉዳይ ሲኖራት፣ የመሬት፣ የግንባታ ፈቃድ ወይም የጩኸት አቤቱታ ሲነሣ፣ ከስብሰባው ይውጡ፤ መውጣትዎም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ዝም ብሎ መቀመጥ አለመናገር እንጂ አለመገኘት አይደለም።

ጥያቄ፦ አጥቢያችን መጋቢ ካጣ ስምንት ወር ሆነው። እሑድ የሚሰብከው አንድ ሽማግሌያችን ነው። የጌታን እራትስ እርሱ ቢሰጥ? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ስምንት ወር ለረዘመባችሁ፣ ፕሊመዝ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። በ1620 በሜይፍላወር መርከብ የተሻገሩት መጋቢያቸውን ጆን ሮቢንሰንን ሆላንድ፣ ላይደን ከተማ ትተው ነበር፤ እርሱም ሳይሻገር በ1625 እዚያው አረፈ። በመካከሉ ጉባኤውን የመራው አስተዳዳሪ ሽማግሌው ዊልያም ብሩስተር ነው። ቀድሞ በእንግሊዝ የስክሩቢ መንደር የፖስታ ኃላፊ የነበረ፣ የተማረ ሰው ነው። በየሰንበቱ ሁለት ጊዜ ያስተምር ነበር። ሆኖም አላጠመቀም፣ የጌታንም እራት አልሰጠም። ቢጠይቁት ሮቢንሰን በ1623 በጻፈው ደብዳቤ «ለአስተዳዳሪ ሽማግሌ የተገባ አይደለም» ሲል መለሰ፤ መጋቢ እስኪያገኙ ድረስም ታገሡ። ራልፍ ስሚዝ በ1629 መጥቶ መጋቢ ሆነላቸው።

ይህ የእነርሱ መንገድ ነው። ዛሬ ሐዋሳ ካሉት የወንጌል አማኞች ቤተ እምነቶች አንዳንዶቹ ሽማግሌ እንዲሰጥ ይፈቅዳሉ፣ ሌሎቹ አይፈቅዱም። የቤተ እምነታችሁን ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ጠይቁ፣ መልሱንም ፋይል አድርጉ። ከአጎራባች አጥቢያ የተሾመ አገልጋይ በሁለት ወር አንዴ መጋበዝም ይቻላል፤ ሲጋብዙ ትራንስፖርቱን አስቀድማችሁ መዝግቡ፣ ከሣጥኑ አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ አንድ አባል በገንዘብ ማታለል ተከስሷል። ከአባልነት ለማገድ ደረጃው ምንድን ነው? ከእድራችንም እናስወጣው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ፒዩሪታኖቹ ማቴዎስ 18ን እንደ ሕግ አንቀጽ ይዘውት ነበር። በሁለት ሰው መካከል የሆነ በደል መጀመሪያ ለብቻ ይነገራል፣ ካልተመለሰ ሁለት ሦስት ምስክር ይጨመራል፣ ከዚያ በሽማግሌዎች በኩል ለጉባኤ ይቀርባል። ጉባኤው ገሥጾ ከጌታ እራት ያግዳል፤ እምቢ ካለ ያወግዛል። አገር ያወቀው በደል ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች መዝለል ይቻላል። ሮበርት ኬይን የተባለ የቦስተን ነጋዴ በ1639 ዕቃ አስወድዶ ሸጧል ተብሎ በፍርድ ቤት ተቀጣ። ቤተ ክርስቲያኑም ለብቻው መርምሮ ገሠጸው፤ ጥፋቱን አምኖ ሲመለስ ተቀበለው። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ ስለቀጣው ብቻ አልተገሠጸም፤ ጉባኤው የራሱን ምርመራ አድርጓል።

እድሩን ተዉት። ድንጋጌያቸው ራሱ የተወገዘ ሰው የዜግነት መብቱን እንደማያጣ፣ ቃሉንም መጥቶ ከመስማት እንደማይከለከል ይናገራል። እድር የሠፈር ነው፣ የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው።

ቸኩሎ ማውገዝ ምን እንደሚያስከትል የሴለም ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ያሳያል። ሬቤካ ነርስ የተባለች የ71 ዓመት እናት በጥንቆላ ተከስሳ ሐምሌ 3 ቀን 1692 ተወገዘች፣ ሐምሌ 19 ተሰቀለች። ጉባኤው ውግዘቱን ከመዝገቡ የሰረዘው በ1712 ነው፤ 20 ዓመት ቆይቶ፣ ለሞተች ሴት። ስለዚህ ክሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ተከሳሹ የሚመልስበት ቀን ስጡ፣ ቢያንስ ሁለት ስብሰባ ይለፍ፣ ከሳሹ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሆነ ከወንበሩ ይነሣ። የተጻፈው ሁሉ በተዘጋ ፖስታ ይቀመጥ እንጂ በቃለ ጉባኤው ውስጥ የበደሉን ዝርዝር አታስፍሩ።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችን መኪና በአንድ ሽማግሌ ስም ነው፣ የቦታው ካርታ ደግሞ በሦስት መሥራቾች። አሁን በጉባኤው ውስጥ አለመስማማት ተነሥቷል። በታሪክ እንዲህ ያለ ገጥሞ ያውቃል? (ገንዘብ ያዥ፣ ከመነኸሪያ አካባቢ)

መልስ፦ ገጥሟል፤ እስከ ማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል፣ ተከራካሪዎቹም ዲያቆናት ነበሩ።

ደደም ትንሽ ከተማ ናት፣ ቤተ ክርስቲያኗም የተመሠረተችው በ1638 ነው። በ1754 የወጣ ሕግ ዲያቆናት የቤተ ክርስቲያንን ንብረት በአደራ እንዲይዙ ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷቸው ነበር። በ1818 አዲስ መጋቢ ሲመረጥ ሁለት ድምፅ ተጋጨ። አንደኛው ግብር የሚከፍለው የከተማው ሰበካ ነው፤ ሁለተኛው ኪዳን የገቡት አባላት ጉባኤ ነው። ሰበካው የመረጠውን የአባላቱ ብልጫ አልፈለገም፤ ወጡ። ሲወጡ ዲያቆኑ ሳሙኤል ፌልስ አብሯቸው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሰነዶች፣ ገንዘብና የጌታ እራት ብር ዕቃዎችም አብረው ወጡ። የቀሩት ሌላ ዲያቆን፣ ኤሊፋሌት ቤከርን፣ መርጠው ከሰሱ። በ1820 ፍርድ ቤቱ ለቤከር ፈረደ፤ ቤተ ክርስቲያን ከሰበካው ተለይታ በሕግ ፊት አትቆምም፣ ጥቂትም ቢሆኑ ከሰበካው ጋር የቀሩት እነርሱ ቤተ ክርስቲያኗ ናቸው አለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተማ ብዙኃኑ አባል ጓዙን ትቶ ወጣ። ደደም ውስጥ ዛሬም ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ፊት ለፊት ቆመዋል።

ያ ፍርድ በእኛ ሕግ ፊት ምንም አይደለም፤ ችግሩ ግን የእናንተው ነው። ሁሉም ሰው «የቤተ ክርስቲያን» ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን ማን ናት የሚለው በሰላሙ ቀን አልተጻፈም። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። አንደኛ፣ ጠቡ ሳይከር ሁለቱም ወገን ያሉበት አምስት ሰው ንብረት ይቁጠር፤ ዕቃው፣ ብዛቱ፣ መለያ ቁጥሩ፣ ማን እጅ እንዳለ፣ ከየት እንደተገኘ ይጻፍ። በተለይ የመጨረሻው ዓምድ አይረሳ፤ ስጦታ ከሆነ ሰጪው ለምን እንደሰጠ የሚያሳይ ወረቀት ይያያዝ። ሁለተኛ፣ ሊብሬው በስሙ ያለው ሽማግሌ «መኪናው የቤተ ክርስቲያኗ ነው፣ እኔ በአደራ ነው የያዝሁት» የሚል ሰነድ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈርም። ፈቃደኛ ሰው ዛሬ ይፈርማል፤ ቢሞት ግን ከወራሾቹ ጋር ነው የምትነጋገሩት። ሦስተኛ፣ ስሙ ሕጋዊ ሰውነት ወዳለው ተቋም ይዛወር። አጥቢያችሁ በቤተ እምነቱ ሥር የተመዘገበ ከሆነ ዝውውሩ በዋናው ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፤ የይዞታ ካርታውም እንዲሁ ከከተማው መሬት አስተዳደር ይጠየቃል። የዝውውሩን ክፍያ አስቀድማችሁ በበጀት ያዙ፣ ብዙ ቦታ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። አራተኛ፣ የቃለ ጉባኤውና የአባላት መዝገቡ ቅጂ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ደደም ላይ የመጀመሪያው ጠብ መዝገቡን ማን ያዘ የሚል ነበር፤ መዝገብ የያዘ ማን አባል እንደሆነ ይናገራላ።

የባንክ ፊርማውን ደግሞ ዛሬውኑ እዩት። ሦስት ፈራሚ ተመዝግቦ ሁለቱ ሲፈርሙ የሚከፈልበት አሠራር ይበቃል። ከሥልጣን የወረደ ሰው ፊርማ ባንክ ሳይሰረዝ ወራት ማለፉ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ምርጫ በተደረገ በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ለባንኩ ይድረስ።

አጫጭር ጥያቄዎች

«ሴቶች ዲያቆናት ነበሩ?» ድንጋጌው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 መሠረት የታመሙትንና የተቸገሩትን የሚያገለግሉ በዕድሜ የገፉ መበለቶችን ይጠቅሳል። ዲያቆን ተብለው የተመረጡት ግን ወንዶች ናቸው። በብዙ ጉባኤ የአባላቱ ብልጫ ሴቶች ነበሩ፣ ድምፅ የሚሰጡት ግን ወንዶቹ።

«አሥር ቤት የሚጠብቅ ሰው ነበራቸው ሲባል እውነት ነው?» እውነት ነው። ከ1670ዎቹ ጀምሮ በማሳቹሴትስ ሕግ አሥር ያህል ቤተሰብ የሚከታተል ሰው ይሾም ነበር፤ ዘፀአት 18 ላይ እንዳለው የአሥር አለቃ። ሰንበት የሚሽር፣ በመጠጥ ቤት የሚረብሽ ካለ ያመለክታል። ግን የከተማው ሹም ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን አልነበረም። የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎቻችሁን ከእርሱ ጋር አታመሳስሉ፤ አመልካች ያለበት ኅብረት ሰው አይመጣበትም።

«መዝሙር የሚመራው ማን ነበር?» ብዙ ቦታ ዲያቆኑ ወይም ሽማግሌው። የመጽሐፉ ቅጂ ጥቂት ስለነበር አንድ መስመር ያነባል፣ ሕዝቡ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ደግሞ ቀጣዩን ያነባል። የመዝሙር መጽሐፋቸው በ1640 ካምብሪጅ ታትሟል፤ በእንግሊዝ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከታተሙ መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። በ1720ዎቹ «በኖታ እንዘምር» የሚሉ ወጣቶች ተነሥተው ከሽማግሌዎች ጋር ብዙ ተጣልተዋል። የኪቦርድ ጠብ አዲስ አይደለም።

«ከእነዚያ ጸሎት ቤቶች አሁን የቆመ አለ?» ሂንገም በተባለች ከተማ በ1681 የተሠራው አለ፤ ዛሬም አምልኮ ይካሄድበታል። እነርሱም ሕንፃውን ቤተ ክርስቲያን አይሉትም ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ሰዎቹ ናቸው፣ ሕንፃው የመሰብሰቢያ ቤት ነው ይሉ ነበር። የከተማው ስብሰባም በዚያው ቤት ይካሄድ ነበር። ወንበሩ እንዳሻ የሚቀመጡበት አልነበረም፤ አንድ ኮሚቴ በዕድሜ፣ በሀብትና በክብር እየመዘነ ለእያንዳንዱ ቦታ ይመድብ ነበር። ከሁሉም የኮሚቴ ሥራ በጣም የሚያጣላው ይኸው ነበር። በእናንተም «የፊት ወንበር የማን ነው» የሚል ጉምጉምታ ካለ፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የመጀመሪያውን ሁለት ረድፍ ለይታችሁ ጻፉበትና ሌላውን ለመጣ ሁሉ ልቀቁት።